«ኤሌክትራ» ሳይቆረጥ ይታይልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሪቻርድ ሽትራውስን ኦፔራ «ኤሌክትራ»ን የሚያሳዩ ብዙ ቲያትር ቤቶች ከእናትና ልጅ ትዕይንት እየቆረጡ ማቅረባቸው ያሳዝነኛል። በ1909 እ.ኤ.አ. ድሬስደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ኦፔራ ባለ አንድ ገቢር ነው፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኤሌክትራን የምትጫወተው ዋናዋ ዘፋኝ አንዴ ከገባች ከመድረክ አትወርድም ማለት ይቻላል፤ ከ100 በላይ ሙዚቀኞችንም በድምፅዋ ማለፍ አለባት። ድካሟ ይገባኛል። ነገር ግን የኤሌክትራ እናት ክሊተምኔስትራ ቅዠት እንቅልፍ ነስቷት መድኃኒት ፍለጋ ወደ ልጇ የምትመጣበት ቦታ የታሪኩ እምብርት ነው። ከውሽማዋ ጋር ሆና ባሏን አጋሜምኖንን የገደለች ሴት ናት፤ እዚያ ጋ ግን ፍርሃቷ አንጀት ይበላል። ትዕይንቱ ሲሸራረፍ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ሆና ትቀራለች። ዘፋኟን ማሳረፍ ካስፈለገ በትርኢቶቹ መካከል በቂ የእረፍት ቀን ይሰጣት፤ ሙዚቃውን ግን ሙሉውን ያሰሙን።

አክባሪ አንባቢያችሁ