ከውዱ ክር በፊት ሁለተኛ ጓንት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በስፌት ክር ላይ ስለሚራባው ባክቴሪያ በሙያ ባልደረቦቼ ስብሰባዎች በግልጽ መነጋገር መጀመራችን ደስ አሰኝቶኛል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ወደ ቤቱ የሄደ ሕመምተኛ ከሳምንት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ሲመለስ ማየት ለቤተሰቡም ለባለሙያውም ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ውይይቱ ሁሉ ፀረ ባክቴሪያ የተቀባ ክር ከውጭ ይግባልን ወደሚል አንድ ጥያቄ ብቻ እየጠበበ መሄዱ ያሳስበኛል። በአዳማ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለዓመታት የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ ቁስል በማጠብና ስፌት በማውጣት ሥራ ላይ ያለሁ ነርስ እንደመሆኔ፣ ከዚያ ክር በፊት መቅደም አለበት የምለውን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

ንጹሕ በሆነ ቁስል ውስጥ ጥቂት ባክቴሪያ ቢገባ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አቅም ያጠፋዋል፤ ክር ሲኖርበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ጥናት በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ መግል ለማስያዝ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ያስፈልግ እንደነበር፣ የሐር ክር አብሮ ሲገባ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ እንደበቃ አሳይተዋል። ምክንያቱ ከክሩ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ሲልክ የምንለው የሐር ክርና ቪክሪል የተባለው ክር ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ በመሆናቸው ባክቴሪያው በጭረቶቹ መካከል ሲሸሸግ፣ በመጠን ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ነጭ የደም ሕዋስ ተከትሎት ሊገባ አይችልም። የተጎነጎነ ክር ፈሳሽም ስለሚስብ በቆዳው ላይ ያለውን ተሕዋስ ወደ ውስጥ ይዞ ይዘልቃል። ባክቴሪያው ከተደላደለ በኋላ ልጋግ መሰል ሽፋን ያበጃል፤ በደም በኩል የሚሄደው መድኃኒትም ያንን ሽፋን አልፎ ለመድረስ ይቸገራል።

ከቦሰት በኩል የመጣች፣ በኦፕራሲዮን የወለደች አንዲት እናት በአሥረኛው ቀን ስፌቷን ላወጣላት ተቀምጣ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቁስሉ በአብዛኛው ገጥሟል፤ በአንድ ጫፍ ላይ ግን በጥቁሩ ሲልክ ቀዳዳ ዙሪያ ቆዳው ቀልቶና አብጦ ነበር። ቋጠሮውን በመቆንጠጫ ይዤ አንዱን ወገን ቆርጬ ስስበው፣ ክሩ በመግል ወፍሮና ለስልሶ ወጣ፤ ከኋላውም ጥቂት መግል ተከተለ። ይህች እናት ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ስትወስድ ከርማ ያልተሻላት፣ ክሩ ወጥቶ ቀዳዳው በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ሲታጠብላት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረቀላት። ናይለንና ፕሮሊን የተባሉት ክሮች ነጠላ ጭረት ስለሆኑ እንዲህ ያለውን መሸሸጊያ አይሰጡም። ሲልክ ለመቋጠር ለስላሳ በመሆኑና በቀላሉ በመገኘቱ ለቆዳ መዋሉ ቀጥሏል፤ ናይለን በመደርደሪያው ላይ እያለ ግን ይህ ምርጫ በልማድ ብቻ መወሰን ያለበት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ተቀባው ክር ልምጣ። ክርን በመድኃኒት የመንከር ሐሳብ ከቀዶ ሐኪሙ ከጆሴፍ ሊስተር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው፤ እርሱ ከእንስሳት አንጀት የሚሠራውን ካትገት የተባለ ክር ካርቦሊክ አሲድ በሚባል ተሕዋስ ገዳይ ይነክር ነበር። የዛሬው ክር የሚቀባው ትሪክሎሳን በሚባል ኬሚካል ሲሆን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ጥቅም ላይ ቢውል መልካም ነው ሲል መክሮአል፤ ምክሩ ግን ጠንካራ ከሚባሉት ሳይሆን እንደ ሁኔታው ከሚታዩት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በ2021 ይፋ የሆነው ፋልኮን የተባለው ጥናት፣ እንደ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ሩዋንዳና ሕንድ ባሉ 7 አገሮች ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ5,700 በላይ ሕመምተኞች ተከታትሎ፣ የተቀባው ክር ካልተቀባው የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አረጋግጧል። ከተከታተላቸው ሰዎችም 22 በመቶ ያህሉ ቁስላቸው አመርቅዟል። የሥራ ሁኔታቸው ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ሆስፒታሎች ያገኙት ውጤት በመሆኑ፣ ከበለጸጉት አገሮች ጥናት ይልቅ እኛን የሚመለከተን ይህ ይመስለኛል።

እኔን የበለጠ ያነቃኝ ግን በዓመቱ፣ በ2022፣ ቺታ በሚል ስም የታተመው ሌላው ጥናት ነው። በእነዚያው 7 አገሮች፣ ከ13,000 በሚበልጡ ሕመምተኞች ላይ የተሞከረው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ ሆዱን ለመዝጋት ሲደረስ የቀዶ ሕክምናው ቡድን በሙሉ ጓንቱን ይለውጣል፣ መዝጊያውም ሥራ እስከዚያ ባልተነኩ ንጹሕ መሣሪያዎች ይከናወናል። በዚህ ብቻ የማመርቀዙ መጠን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉ ከመግል ዳነ ማለት ነው። ጉዳዩን ከውስጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም፤ አንጀት ሲነካ የቆየ ጓንት ክሩን ሲጎትት፣ ቋጠሮውንም ሲያጠብቅ ባክቴሪያውን በገዛ እጃችን ክሩ ላይ እንቀባለን።

ጓንት ከየት ይመጣል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ እጥረቱንም በየዕለቱ አየዋለሁ። ሆኖም ጥንድ ጓንት ከአንድ እሽግ የተቀባ ክር በዋጋ ያነሰ ነው። ለመሣሪያውም አዲስ ግዢ የግድ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር አንድ መርፌ መያዣ፣ አንድ መቆንጠጫና አንድ መቀስ ከሌሎቹ ለይቶ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል። ይህን የምታደርገው መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ናት፤ የሚጠበቅባትም ልማድ ማበጀት ብቻ ነው። በአገራችንም በ5 ሆስፒታሎች የተካሄደው ክሊን ከት የተባለው መርሐ ግብር የእጅና የቆዳ ንጽሕናን፣ የመሣሪያ ማምከንን፣ የአንቲባዮቲክን ሰዓትና የመሳሰሉትን መሠረታዊ ነገሮች በማጥበቅ ብቻ የቁስል ማመርቀዝን በሲሶ ያህል ቀንሷል።

ከዚሁ ጋር ፈጽሞ መቆም ያለበት ልማድ አለ፤ የተከፈተ እሽግ ክር የተረፈውን በአልኮል ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ ለሌላ ሕመምተኛ መጠቀም። አልኮል ስፖር የሚባለውን ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር አይገድልም፤ የተጎነጎነ ክር ውስጥ የገባውን ደግሞ የባሰውን አይደርስበትም። በምላጭ ጸጉር መላጨትም እንዲሁ ነው። ቤተሰብ ምላጭ ገዝቶ እንዲያመጣ የሚታዘዝበት ቦታ ዛሬም አለ፤ ምላጩ የሚተወው ጭረት ግን ነገ መርፌው በሚያልፍበት ቆዳ ላይ ባክቴሪያ የሚራባበት ቦታ ነው። ጸጉሩ ካላስቸገረ ይተው፤ ካስቸገረም በማሽን ይቆረጥ። አንቲባዮቲኩም ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥ፤ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ለመከላከል ተብሎ ለቀናት መቀጠሉ ጥቅም የለውም።

ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ስላለው ጊዜ ጥቂት ልጨምር። ሽታ እንዳይመታው ተብሎ ጤና አዳም ወይም ሎሚ ቢያሸት ማንንም አይጎዳም፤ ቤተሰብን ስለዚህ መገሠጽም አስፈላጊ አይደለም። የሚጎዳው በስፌቱ ላይ ቅቤ መቀባት፣ የቡና ዱቄት ወይም ከካፕሱል የወጣ የመድኃኒት ዱቄት መነስነስ ነው። የአዳማን ሙቀት ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ላብ ያራሰው ፋሻ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ሳይነካ መቆየት የለበትም፤ እርጥብ ፋሻ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መለወጥ አለበት። ስፌትም በቀኑ ይውጣ፤ የፊት በአምስተኛው፣ የሆድ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው፣ የእግር ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ። ከቀኑ ያለፈ ክር ባክቴሪያ የሚገባበት ክፍት በር ነው።

በመጨረሻም የከተማችን ሆስፒታሎች ኃላፊዎች የመጪው ዓመት በጀት ዕቅድ ከሰኔ በፊት ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ የሆድ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዙር ጓንት አስበው እንዲይዙ፣ ለቆዳም በቂ ናይለን እንዲያዝዙ እጠይቃለሁ። ውጤቱን ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ቁስሎች የሚያመረቅዙት ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ስለሆነ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አይታዩም። ሲወጡ የስልክ ቁጥራቸው ተይዞ እስከ 30ኛው ቀን ድረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቢደወልላቸው ግን ይታያሉ። ይህን ለመጀመር የሚወስን ክፍል ካለ፣ ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ስልክ በመደወልና መዝገቡን በመሙላት ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

አንዲት የቀዶ ሕክምና ነርስ
ከአዳማ