ወደ ሥራ ቦታህ የላክሁት

ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አልደወልኩም። ያን ቀን የነገርከኝን ሰምቼ ምን እንደምልህ ጠፋኝ፤ ይቅር በለኝ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። በወረቀት የጻፍኩልህ ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ስልክህን ያ አብረኸው የምትኖረው ፍቅረኛህ የምትለው ሰውዬ እንደሚበረብረው ስለነገርከኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም አየሁ። ቶም የሚባል ልጅ ወደ አንድ እርሻ ቤት የሚሄድበት ነው። እዚሁ ኩቤክ ያደገው ግዛቪዬ ዶላን ከሚሼል ማርክ ቡሻር ቴአትር ወስዶ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ቶምን ሆኖ የሚጫወተውም ራሱ ነው፣ ጸጉሩን ቢጫ ቀብቶ። አንተም በዚያ ክረምት ተቀብተህ ጉድ እንዳፈላኸው!

ቶም የሞተ ፍቅረኛውን ሊቀብር ከሞንትሪያል ገጠር ይወርዳል። እናትየው ልጃቸው ወንድ ይወድ እንደነበር አያውቁም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ፍራንሲስ ግን ያውቃል። ገና በመጀመሪያዋ ሌሊት፣ በጨለማ፣ አልጋው ላይ አንቆ ይይዘውና ትንፍሽ እንዳትል ይለዋል። ከዚያማ ምን ልበልህ። በበቆሎው መሃል አሳዶ ይደበድበዋል። ሌላ ቀን ደግሞ በከብቶቹ በረት አቅፎት ታንጎ ይደንሳል። ዱላው ሲመጣ ምስሉ ከላይና ከታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ትንፋሽ አጠረኝ። ቅናቱ ደግሞ የቆየ ነው። ድሮ ስለ ታናሽ ወንድሙ አንድ ነገር ሊነግረው የቀረበን ልጅ አፉን ይዞ ፊቱን ቀዶታል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ዱላው አይደለም። ሳራ የምትባል ጓደኛው ስትመጣ ቶም ጭራሽ ለእርሻው አስፈልጋለሁ ይላታል። እዚያ ላይ አቆምኩት። «እሱ እኮ ያለ እኔ ማንም የለውም» ያልከኝ መጣብኝ።

«ለእናትህ ደውዬ እነግራታለሁ ይለኛል» ያልከውም። እማማ ቢሰሙ ምንም አይሉም ብዬ አልዋሽህም። ሰፈራችንን ታውቀዋለህ። ግን ሰውዬው ሌላ ምን አለው? ፍራንሲስም የያዘው ይቺኑ፣ እናት እንዳትሰማ የምትለዋን ነበር። እሱ ዝም እንዲልልህ ዕድሜህን ሙሉ ልትገዛለት ነው እንዴ?

ይሄን ስጽፍ ስሰርዝ ስደልዝ ነው ያመሸሁት። ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም፤ አፌን ያዝ ያደርገኛል። ያልገባኝ ነገር ካለ ሳቅብኝ፣ ግድ የለም።

ሶፋው ይዘረጋል። አውቶቡሱ ከቶሮንቶ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ካልሆነ መኪና ተውሼ እመጣለሁ። ቀድመህ ግን ፓስፖርትህንና የመኖሪያ ወረቀትህን ከቤት አውጣ፣ ሥራ ቦታ መሳቢያህ ውስጥ ቆልፍባቸው። እንደምትወጣም ለእሱ እንዳትነግረው፣ ለመሰነባበት ብለህ እንኳን። በሥራ ስልክ ደውልልኝ። ሐሙስ ዕረፍት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከአጠገቤ አላርቅም።

ያው የድሮው ወንድምህ