ከእርከኑ በፊት ተማሪዎቹ ይውጡ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ተማሪዎች ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ለመስክ ቅኝት መውጣታቸውን የሚገልጸውን ዘገባችሁን አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን የተነሳው ልጆቹ የሚያገኙት ልምድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለወሎ መሬት የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል ባይ ነኝ።

እኛ ጋ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ይወጣል። ሥራው የግድ ነው፤ አፈራችን ታጥቦ አልቋል። ዶማው የሚያርፍበት ቦታ ግን ሁሉም ባዶ አይደለም። ገል ይወጣል፣ ባልጩት ይወጣል፣ የተጠረበ ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩ እዚያው እርከን ይሆናል፣ ሌላው ይጣላል። ሲጠየቁ መልሱ «የግራኝ ጊዜ ነው» ነው። (ወሎ ውስጥ ያረጀ ድንጋይ ሁሉ የግራኝ ነው!) እርግጥ አንዳንዴ እውነት ነው። አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱትን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በ1524 ዓ.ም. ያቃጠለው የኢማም አሕመድ፣ የግራኝ፣ ጦር ነው።

ቅኝት ቁፋሮ አይደለም። ተራርቀው ይሰለፋሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ያዩትን ከነቦታው በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። ገሉ ከቦታው ከተነሳ ከምን ጋር እንደነበረ ማን ያውቃል? ሥራው ብዙ ዓይን ይፈልጋል። ሉሲም ብትሆን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ሐዳር፣ የታየችው መሬት ላይ ነው። ካገኛት ተመራማሪ ከዶናልድ ጆሃንሰን ጋር የነበረው ቶም ግሬይም ተማሪ ነበር።

ደግሞ እንግዳ ሰው ማሳ ለማሳ ሲዞር ገበሬው «ወርቅ ፈላጊ መጣ» ይላል። አይፈረድበትም። የአገሩ ልጅ ግን ቡና ላይ ተቀምጦ፣ ዱአውን ተቀብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ ማሳ ማን ይባላል? ድሮስ ምን ነበረበት?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ልጅ ዕቃ ተሸካሚ አድርጎ መመለስ ያናድዳል።

ብቻቸውን ይውጡ አላልኩም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋ ክልክል ነው፤ በድንገት ያገኘም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የምጠይቀው ቀላል ነው። የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እርከን የሚሠራባቸውን ቦታዎች ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፈቃዱን በጊዜ አስጨርሰው ተማሪዎቹን ከነመምህራቸው ይላኩ። አበል የለም እንዳይባል፣ ምሳውን ቀበሌው አያጣም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ