እማዬ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሱትን እንምረጥ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ትናንት ማታ እንቅልፍ ወሰደሽ? በስልክ ስናወራ ሰው እየገባ ስለሚያቋርጠን ይሄን በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው። ቶሎ ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሲደክምሽ አስቀምጪው፣ በኋላ ትጨርሺዋለሽ።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ሐኪምሽ የጠቆሙንን ሁለቱንም የሆስፒስ ድርጅቶች፣ ማለትም በጠና የታመመን ሰው ሕመሙን እያስታገሱ የሚንከባከቡትን፣ ሄጄ አየሁ። ሠራተኞቹን አናገርኩ፤ ወላጆቻቸውን በእነሱ እጅ ያስታመሙ ሰዎችንም አፈላልጌ ጠየቅኩ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ መልሱን ልንገርሽ። እኔ ሁለተኛዎቹን ነው የምመርጠው፣ እነዚያን ቢሯቸው ጠባብ የሆነውን። ምክንያቴን ግን አንድ በአንድ ማወቅ አለብሽ፤ የሚያመው ያንቺን ገላ ነው፣ የምትወስኚውም አንቺ ነሽ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሆስፒስ ቢከታተልሽ ይሻላል» ሲሉሽ ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ። በቃ ተዉኝ ብለሽ ነው የተረዳሽው። እንደዚያ አይደለም። የሚቆመው በሽታውን ለማጥፋት የሚደረገው ሕክምና ነው፤ አሁን ከጥቅሙ ጉዳቱ እየበለጠ ስለሆነ። ሕመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ እንቅልፍ ማጣቱን የሚያክመው ሥራ ግን ገና በደንብ የሚጀመረው አሁን ነው። ይሄን ሥራ ዛሬ ባለው መልኩ የጀመሩት ሲስሊ ሳውንደርስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። መጀመሪያ ነርስ ነበሩ፣ ቀጥለው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በኋላ ደግሞ ተምረው ሐኪም ሆኑ። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የሚባለውን ሆስፒስ ከፈቱ። ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም የሚለውን አነጋገር አልተቀበሉም፤ ዕድሜ ልካቸውንም የሠሩት የሚደረገው ብዙ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም አለ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው 151 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ከመደበኛው ሕክምና ጋር የማስታገሻ ሕክምናም ቶሎ የተጀመረላቸው ሰዎች መንፈሳቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ደግሞም ረዘም ላለ ጊዜ ነው የኖሩት፣ ግማሾቹ ከ11.6 ወር በላይ፣ መደበኛው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ ግማሾቹ ከ8.9 ወር በላይ። ያንቺ በሽታ ሌላ ስለሆነ ቁጥሩን ለራስሽ አትውሰጂው። እኔ የማነሳልሽ ማስታገሻ መጀመር ሞትን መጥራት ነው ብለሽ እንዳትፈሪ ነው።

እሺ፣ ወደ ምርጫችን።

ሁለቱም «24 ሰዓት እንሠራለን» ይላሉ። ወረቀታቸው ላይም ተጽፏል። እኔ ደግሞ ሕመም ሰዓት መርጦ እንደማይመጣ ካንቺ ጋር ካደርኩባቸው ሌሊቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጋ ደወልኩ። የመጀመሪያዎቹ ጋ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግሜ ስሞክር ጥበቃው አነሳና «ጠዋት ሲገቡ ይደውሉ» አለኝ። ጥበቃው ምንም አላጠፋም፤ እንዲል የታዘዘውን ነው ያለኝ። ሁለተኛዎቹ ጋ ተረኛዋ ነርስ ራሷ አነሳች። ማን እንደሆንኩና ለምን በዚያ ሰዓት እንደደወልኩ ሳልደብቅ ነገርኳት። ምንም አልከፋትም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሁን እናትሽን እያመማቸው ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ ደግሞ «ብቻሽን ነሽ የምታስታምሚያቸው?» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ እስካሁን ማንም ሐኪም ጠይቆኝ አያውቅም።

አሠራራቸውንም ነገረችኝ። ሌሊት ሕመም ከተነሳ ቤት ውስጥ ካለው መድኃኒት የትኛውን ምን ያህል እንደምሰጥሽ በስልክ ትነግረኛለች፣ ካልበረደልሽ ነርስ ትመጣለች፣ እስክትደርስ ድረስም ተረኛዋ በየመሐሉ እየደወለች ሁኔታሽን ትከታተላለች። ለዚህ ሲባል ለድንገተኛ የሚሆኑት መድኃኒቶች ቀድመው ተዘጋጅተው፣ ምን ለምን እንደሆነ በትልልቅ ፊደል ተጽፎባቸው ቤት ይቀመጣሉ። እኔን ያሳመነኝ ዋናው ይሄ ነው። ቀን ላይ ሁሉም ጥሩ ነው እማዬ። ፈተናው ሌሊቱ ነው።

ቀጥሎ የጠየቅኩት ስለ ሕመም ማስታገሻው ነው። ሞርፊን አላችሁ? ሳይቋረጥ ይገኛል? የሚያዘው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሥራ አስኪያጅ «ሲብስባቸው እንሰጣለን» አሉኝ። ይሄ መልስ አስደነገጠኝ። የሚዋጠው ተራው ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። እስኪብስ ከተጠበቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሕመሙን ሲያባርር ይውላል። ሕመሙ ሳይመለስ በሰዓቱ መስጠት፣ በመሐል ድንገት ቢነሳ ደግሞ ተጨማሪ መጠን ማዘጋጀት፣ የታወቀ አሠራር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለካንሰር ሕመም በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጥ ሲል የኖረ ነው። የረቀቀ ነገርም አይፈልግም። አን ሜሪማን የሚባሉ ሐኪም በ1993 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ ሲከፍቱ ዋናው መሣሪያቸው በውሃ የተበጠበጠ የሞርፊን ዱቄት ነበር። ስለዚህ «ከባድ ነው» የሚለኝን ድርጅት አላምነውም።

የሁለተኛዎቹ ነርስ ደግሞ እኔ ሳልጠይቃት ስለ ሆድ ድርቀት አነሳች። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ማቅለሽለሹና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይለቃል፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ነው የሚሰጠው። ይሄን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ሱስ ያስይዘኛል ብለሽ እንደምትፈሪም ነገርኳት። ለሕመም ተብሎ በክትትል፣ በልኩ ሲሰጥ ያ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ እንደሆነ፣ በትክክል የተመጠነ ሞርፊንም ዕድሜ እንደማያሳጥር አስረዳችኝ። ራሷ ትነግርሻለች፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ስሚያት።

የመጀመሪያዎቹ ሕንፃ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ወለሉ ያብለጨልጫል፣ አበባ አለ፣ እንግዳ መቀበያው ሰፊ ነው። እኔ ግን አልጋ ላይ ያሉትን ሰዎች ከንፈር አየሁ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መጠጣት ያቃተው ሰው አፉ በየጊዜው በእርጥብ ስፖንጅ ካልተጠረገለት ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ያማልም። ይሄ ማሽን አይፈልግም፣ ውድ መድኃኒት አይፈልግም። የሚፈልገው ጊዜ ያለው ሰው ነው። አንድ ነርስ ስንት ታማሚ እንደምትይዝ ስጠይቅ «እንደ ሁኔታው ነው» ተባልኩ፤ ደግሜ ስጠይቅም ያው ነው መልሱ። እናቷን እዚያ ያስታመመች ሴት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መድኃኒት አልቆ ሰኞን እንደጠበቁ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ በኋላ አበባውን ማየት አልቻልኩም።

ሁለተኛዎቹ ጋ የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀው ነርሷ ለጉብኝት ስትወጣ አብሬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጃቸው ነው የሚያስታምማቸው። ገባች፣ እጇን ታጠበች፣ ዝቅ ያለ ወንበር ስባ ዓይን ለዓይን በሚተያዩበት ልክ ተቀመጠች። «አባባ፣ ዛሬ በጣም ያስቸገረዎት ምንድን ነው?» አለቻቸው። ልጁ መመለስ ሲጀምር እጇን በቀስታ ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘችውና እሳቸውን ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቀችው። ከዚያ ሽማግሌው «ሕመሙስ ደህና ነው፣ ሌሊት ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ለካ አያውቅም ነበር። እሷ ከመድኃኒቱ ሰዓት እኩል ይሄንንም ደብተሩ ላይ ጻፈችው፤ ማታ ማን አጠገባቸው እንደሚተኛ እዚያው ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። ተረከዛቸውንና ወገባቸውን ገልጣ የአልጋ ቁስል እንዳልጀመረ አየች፤ እንዴት ሳያማቸው እንደሚገላበጡም ልጁ ራሱ እንዲሠራው አድርጋ አሳየችው። ሲስሊ ሳውንደርስ የሰው ሕመም የገላ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም፣ የቤተሰብም፣ የእምነትም ሕመም አብሮ ይታከም ይሉ ነበር። እዚያ ቤት ያየሁት እሱን ነው።

እንከን የለባቸውም እያልኩሽ አይደለም። የራሳቸው አልጋ የላቸውም። ሐኪማቸው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጡት፣ ሌላውን ጊዜ በስልክ ናቸው። ቤት ውስጥ ሊያዝ የማይችል ነገር ቢመጣ አልጋ ከሚሰጣቸው ሆስፒታል ጋር ስምምነት አላቸው፤ ስምምነቱን በወረቀት አሳዩኝ ብዬ አይቻለሁ። አንድ ቤተሰብ ደግሞ የለመዷት ነርስ ሳይነገራቸው እንደተቀየረችባቸውና ታማሚያቸው በጣም እንደከፋቸው ነግረውኛል። ይሄን ለኃላፊዋ አነሳሁባት። አልካደችም፣ አላስተባበለችም። «እውነት ነው፣ ተበድለዋል» አለች፣ ከዚያ ወዲህ የምትተካዋ ነርስ መጀመሪያ ከነባሯ ጋር አብራ መጥታ እንድትተዋወቅ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። ጥፋቱን የሚያምን ድርጅት ይሻለኛል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ሐሳብ አይግባሽ። ምኑ ተጠቃልሎ እንደሚከፈል፣ የሌሊት ጉብኝትም ሆነ ኦክስጅን ለብቻው የሚታሰብ እንደሆነ፣ ሁሉንም በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄያለሁ። እሱን ለእኔና ለወንድሜ ተይው።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ፣ ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ነርሷ ስትመጣ ምን እንደምትፈልጊና ምን እንደማትፈልጊ ትጠይቅሻለች። እስከ መጨረሻው ቤትሽ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ የባሰ ቀን ቢመጣ ሆስፒታል? ትንፋሽ ቢያቅትሽ በማሽን መረዳት ትፈልጊያለሽ? መናገር ቢያቅትሽ ማን ይናገርልሽ? እኛ እንዳንጨነቅ ብለሽ «እናንተ እንዳላችሁ» እንዳትይ፣ አደራሽን። ያንን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ እኛን ስታስቀድሚ ነው የኖርሽው። አሁን የምንፈልገው ያንቺን ቃል ነው። ሐሳብሽን ብትቀይሪም ትችያለሽ፣ ደብተሩ ላይ ይስተካከላል። ድርጅቱ እኛንም ከዚያ በኋላ ለወራት እየመጣ እንደሚጠይቀን ነግረውኛል። እኔ ይሄን ሳልጠይቃቸው ነው ያሉኝ። ሲነግሩኝ አለቀስኩ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ልታይሽ ትመጣለች። ምንም አትፈራረሙም፣ ለመተዋወቅ ብቻ ነው። የፈለግሽውን ጠይቂያት፣ በተለይ ለእኔ ልትነግሪኝ የከበደሽን። ከፈለግሽ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ካልወደድሻት በግልጽ ንገሪኝ፤ ሌላ ነርስ ይልካሉ፣ ድርጅቱንም ካልወደድሽው ሌላ እንፈልጋለን። እስከዚያ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያቋረጥሻቸውንም ጨምረሽ፣ አንድ ከረጢት ውስጥ አድርገሽ አልጋሽ አጠገብ አስቀምጪልኝ፤ አንድ በአንድ ማየት ትፈልጋለች። ረቡዕ ማታ እመጣለሁ፣ አብረን እናድራለን።

ልጅሽ