ከኦክስፎርድ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ልጆቹም አያታችንን ሳሚልን ብለዋል። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ የወንድሜ ልጅ እንደሆነች ስለማውቅ፣ ስለ ሥዕሉ የጻፍኩትን ቀስ ብላ፣ ስለ መድኃኒቱ የጻፍኩትን ደግሞ ደጋግማ ታንብብልዎ።

ሚያዝያ 23 ቀን እርስዎ ጊዮርጊስን ሲያነግሡ እኔም እዚህ ሌላ ንግሥ ላይ ነበርኩ። ዕለቱ በፈረንጆቹ ሜይ 1 ነውና፣ ጠዋት ልክ በ12 ሰዓት የሞድሊን ኮሌጅ መዘምራን 44 ሜትር ከሚሆነው ግንብ አናት ላይ ወጥተው በላቲን ይዘምራሉ፤ ሕዝቡም ገና ሳይነጋ ድልድዩንና መንገዱን ሞልቶ ይጠብቃል። ዝማሬው ሲያበቃ ደወሉ ይደወላል፤ ከዚያ ነጭ የለበሱ ጨፋሪዎች ጉልበታቸው ሥር ቃጭል አስረው መሐረብ እያውለበለቡ በየመንገዱ ይጨፍራሉ። ትንሹ ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆኖ «ታቦቱ መቼ ነው የሚወጣው?» ሲለኝ አጠገባችን የቆሙት ፈረንጆች ምን እንደሚያስቀኝ አልገባቸውም።

ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ፣ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ስለነበር፣ ቀኑን ለኤግዚቢሽን ሰጠሁት። መጀመሪያ የገባሁት አሽሞሊያን ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1683 ለሕዝብ የተከፈተ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ሲሆን መግቢያ አያስከፍልም። እዚያ ጣሊያናዊው ፓኦሎ ኡቼሎ እ.ኤ.አ. በ1470 ገደማ የሳለው የአደን ሥዕል አለ። ረጅምና ጠባብ ሰሌዳ ነው። ቀይ የለበሱ አዳኞች፣ ፈረሶችና ቀጫጭን ውሾች ከግራም ከቀኝም ወደ ጫካው ይገባሉ፤ ግንዶቹ እየራቁ ሲሄዱ ይቀጥናሉ፣ ውሾቹ ያንሳሉ፣ ሁሉም ጨለማው መሀል ወዳለች አንዲት ነጥብ ይሮጣል። እርስዎ ቢያዩት «የእኛ ሠዓሊዎች ርቀትን ያልሳሉት አቅቷቸው አይደለም» ብለው ክርክር እንደሚጀምሩ እርግጠኛ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዘውኝ ገብተው፣ ጻድቁ በሙሉ ፊትና በሁለት ዐይን፣ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ በአንድ ዐይን እንደሚሳል ያሳዩኝን አልረሳሁም። ባለፈው በስልክ «እኔም እንግዲህ ከባለ አንድ ዐይኖቹ ረድፍ ገባሁ» ብለው ሲስቁ አብሬዎ ያልሳቅኩት መስመሩ ተቋርጦ አልነበረም።

እዚያ ሥዕል ፊት የመጣብኝን ሳልጽፍ ባልፍ በወደድኩ። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አልፌ ስመጣ፣ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ብለው ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ኮትዎ ኪስ ከተቱት፤ ዳግመኛም አላየሁት። በዚያው ዓመት ግን የተማሪዎችዎን ሥዕል በየክፍሉ ግድግዳ ይሰቅሉ ነበር፤ እኔም ምስማር እያቀበልኩ እረዳዎ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ የሳለውን እየሰቀሉ የራስዎን ልጅ ለምን እንደከለከሉ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እማማ «ለአንቺ ፈርቶ ነው» ትለኝ ነበር፤ ከእርስዎ አፍ ብሰማው ግን ይሻለኝ ነበር። ማየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ኤግዚቢሽን ተሻገርኩ። ጎንደር የከረመው፣ ሲያነሡት ሁልጊዜ የሚያናድድዎ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውም ከዚሁ ቅጂ ነው። የዕለቱ ትርኢት ስለ ሌላ ስለነበር ብራናውን አላየሁትም፤ ከበላዬ ባለው ፎቅ ይሁን ከእግሬ በታች እያሰብኩ ወጣሁ።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት መልስ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ዕቃው በአገር ሳይሆን በዓይነቱ ስለሚደረደር የዓለም ከበሮ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ትልቋ በሒሳብ አንደኛ ወጥታለች፤ ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ አማርኛቸውም እየተሻሻለ ነው። ሙዚየሙ ጨለምለም ያለ ነው፤ በእጅ የተጻፉትን ጥቃቅን መግለጫዎች ለማንበብ ዐይኔን ሳጠብ እርስዎን አሰብኩ።

አባባ፣ ሠዓሊ ሳይሆን ፋርማሲስት እንድሆን የፈለጉት እርስዎ ነዎት፤ እንግዲያውስ የፋርማሲስቷን ቃል ይስሙ። ግላኮማ የዐይንን ብርሃን ሳያም ከዳር ከዳር ጀምሮ ስለሚወስድ «ደኅና ነኝ» ማለትዎ አያጽናናኝም፤ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን እንደሚጠበቅ ሐኪሙ ነግሮዎታል። የላክሁልዎ ጠብታ እስኪከፈት ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ የተከፈተበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ማታ ማታ አንድ ጠብታ ጨምረው፣ ዐይንዎን ጨፍነው፣ በአፍንጫዎ በኩል ያለውን የዐይንዎን ጥግ በጣትዎ ጥቂት ይጫኑት። ጠበሉንም ይጠመቁ፤ ጠብታውን ግን በጠበሉ አሳብበው አይተዉ።

የቪዛውን ወረቀት ማሰባሰብ ጀምሬአለሁ። የምጋብዝዎ ዘንድሮ ነው፣ ለከርሞ አይደለም፤ ለምን ዘንድሮ እንደሆነ ይገባዎታል። ወንድሜ ማክሰኞ ለቀጠሮው ይወስድዎታል፤ የኮንትራት ታክሲውንም የምርመራውንም ገንዘብ ልኬለታለሁና እንደ ባለፈው «ፋሲካው ይለፍ» ብለው እንዳይመልሱት፤ ፋሲካው አልፏል።

ልጅዎ