አመዱ ከመሳፈሩ በፊት ማረፊያው ይወሰን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከባሕር ማዶ አስከሬን ሲመጣ የሀዋሳ እድሮች ሥራቸውን ያውቁታል። መኪና ቦሌ ይላካል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። አስከሬኑ እዚያው ተቃጥሎ ሟቹ በአመድ መልክ ሲመጣ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። መተዳደሪያ ደንቡ ስለዚህ ነገር አይናገርም፤ ካህኑ አስቀድሞ አልተጠየቁም፤ መቃብር ቆፋሪው ምን ያህል እንደሚቆፍር አያውቅም። በእድር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን፣ ቤተሰብም እድርም ሊዘጋጅበት የሚገባውን በዝርዝር ጽፈን ልከናል።

በመጀመሪያ አመዱ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ብዙ ሰው የምድጃ አመድ ይመስለዋል። አስከሬን ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ የሚተርፈው አጥንት ነው፤ እሱም በመፍጫ ተፈጭቶ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጭ፣ አሸዋማ ነገር ይሆናል። የአዋቂ ሰው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሦስት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በላስቲክ ታስሮ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቁጥር የተመታበት ትንሽ ብረት አብሮት ይኖራል። ይህ ብረት አይጣል፤ ቁጥሩ ከማቃጠያ ቤቱ የምስክር ወረቀት ጋር የሚመሳከርበት እሱ ነው። ከሙቀቱ የሚተርፍ ጀርም ስለሌለ አመዱ በሽታ አያስተላልፍም፤ ጓንትና ጭንብል አድርጎ ሐዘንተኛን ማስደንገጥ አያስፈልግም።

አስከሬን ያስቸኩላል፤ አመድ አያስቸኩልም። ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ስላለ ካህን ማማከር፣ ወረቀት ማሟላት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ቀን መምረጥ ይቻላል። ጊዜ ስላለ ደግሞ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ወንድም ከእህት ሳይስማማ ዓመት ይቆጥራል። የእኛ አቋም አንድ ነው፤ አመዱ የሚያርፍበት ቦታ በስምና በፈቃድ ታውቆ ሳያልቅ ማንም ሰው ሳጥኑን ይዞ አውሮፕላን አይሳፈር።

የመጀመሪያው በር የሃይማኖት አባቶች ደጅ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሥጋን አክብሮ በአፈር መቅበር ነው፤ ማቃጠልን አትቀበልም። ስለዚህ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግ አይደረግ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይረፍ አይረፍ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ እድር የሚፈርድበት ጉዳይ አይደለም። የቤተሰቡ ድርሻ እውነቱን ሳይሸፍን ማቅረብ ነው። ሟቹ ራሱ ተናዝዞ ነው? የቀብር ወጪው ከብዶ ነው? የሆስፒታል ወይም የመንግሥት ትእዛዝ ነው? በአደጋ ነው? የውጭ አገር ሚስቱ ወይም ባሏ የወሰኑት ነው? ሟቹ ፈልጎ ባደረገውና ሳይጠየቅ በተደረገበት መካከል ልዩነት አለ፤ አባቶችም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ስለዚህ የነፍስ አባትን ይዞ፣ ሳጥኑ ከመምጣቱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ማነጋገር ይገባል። በቀብሩ ዕለት ጠዋት መጠየቅ ካህኑንም ቤተሰቡንም ማሳፈር ነው።

ካቶሊኮች ዘንድ መንገዱ ጠርቷል። ማቃጠል ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የቫቲካን መመሪያ ግን አመዱ በተቀደሰ ስፍራ እንዲያርፍ ያዛል፤ መበተንን ይከለክላል። እስልምና ማቃጠልን አይፈቅድም፤ ከሟቹ ፈቃድ ውጭ ተደርጎ ከሆነ ጉዳዩ ለመስጊዱ ዑለማዎች ይቀርባል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አሠራሩ እንደየአጥቢያው ስለሚለያይ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው በር ቤት ውስጥ ነው። እናት ሳጥን እጠብቃለሁ ብላ ተቀምጣ ጫማ ካርቶን የምታህል ነገር እጇ ላይ ቢቀመጥ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። መርዶ በሚነገርበት ጊዜ ባይሆን እንኳ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ለቅርብ ዘመድ ሊነገር ይገባል፤ ነጋሪዎቹም የነፍስ አባትና የቤተሰቡ ታላቅ ቢሆኑ ይመረጣል። በስልክ ከውጭ ባይነገር ይሻላል።

ነገሩን ለመሸፈን ትንሿን ሳጥን በሙሉ የአስከሬን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ማምጣት የሚታሰብበት ጊዜ አለ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። አራት ጎልማሳ የተሸከመው ሣጥን ሲቀል ተሸካሚዎቹ ወዲያው ያውቃሉ፤ ለቀስተኛው ከመበተኑ በፊት ወሬው ከተማውን ያዳርሳል፤ ሳያውቁ ፍትሐት ያደረሱት ካህንም ተታለሉ ማለት ነው። ትንሿን ሳጥን በነጭ ነጠላ ሸፍኖ፣ አንድ የቅርብ ዘመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከፊት የሟቹን ትልቅ ፎቶ አስይዞ መሄድ በቂ ክብር አለው።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ ሦስት ነገር አይጉደል፤ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የማቃጠያ ቤቱ ማረጋገጫ፣ በሳጥኑ ውስጥ ከእገሌ አመድ በቀር ሌላ ነገር እንደሌለ የሚገልጽ የቀብር አስፈጻሚው ደብዳቤ። ለጉዞው ምን ምን እንደሚፈለግ በዚያ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲና አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የሞት ማስረጃው በኤምባሲው ይረጋገጥ፤ ከአንድ በላይ ዋና ቅጂም ይውጣ፤ በኋላ ለወራሽነት ፍርድ ቤትም ባንክም ይጠይቃሉና። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው በስም ነው። እዚህ መታወቂያ ላይ በአባትና በአያት የተጻፈው ሰው በውጭ አገር ወረቀት በባል ስም ወይም በሌላ ፊደል አጻጻፍ ይገኛል። ይህንን የሞት ማስረጃው ከመታተሙ በፊት ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከታተመ በኋላ ግን የፍርድ ቤት ደጅ ያስጠናል።

ሳጥኑ እንጨት፣ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ብረት፣ እብነ በረድና ወፍራም ሸክላ ኤክስሬይ አያሳልፉም፤ የፍተሻ ሠራተኛ ውስጡን ማየት ካልቻለ መንገደኛው ይዞት እንዳይገባ ሊከለክለው ይችላል። የሚያምረውን ዕቃ እዚህ መግዛት ወይም በአናጢ ማሠራት ይቻላል። ከተጫነ ሻንጣ ይልቅ በእጅ መያዝ ይሻላል፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ይዘገያል። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ያለውን 270 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና የሚመጣ ከሆነም ከኋላ ከዕቃ ጋር አይጫን፤ ሰው ይያዘው። ልጆች አመዱን መከፋፈል ከፈለጉና አባቶች ካልተቃወሙ ይህ እዚያው በቀብር አስፈጻሚው እጅ ይደረግ። ሀዋሳ ደርሶ በረንዳ ላይ በማንኪያ የሚከፈል ነገር አይደለም፤ ደቃቁ በነፋስ ይነሣል።

መቃብሩን በሚመለከት ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፍ፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የቤተሰብ መቃብር ወይም ፉካ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ፉካው የተያዘው ለስንት ዓመት እንደሆነ ግን በጽሑፍ ይታወቅ፤ ጊዜው ሲያልቅ ሳጥኑን የሚያነሳው ማን እንደሆነም እንዲሁ። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ የሀዋሳ አፈር አብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ልል አፈር መሆኑ አይዘንጋ። ጠባብ ጉድጓድ ሲቆፈር ጎኑ ይናዳል፤ ወደ ሐይቁ በቀረበው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ባዶውን አፈር ላይ የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ሲበሰብስ ከላይ ያለው እብነ በረድ ያዘነብላል።

መፍትሔው ስምንት ብሎኬት ነው። ወርዱ 15፣ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ይግዙ። አራቱን የእያንዳንዱ ጫፍ የቀጣዩን ጎን እንዲነካ አድርጎ ዙሪያውን ማቆም ነው፤ መሐሉ ላይ 25 በ25 የሆነ ክፍት ቦታ ይወጣል። ሁለተኛውን ድርድር ከላዩ ይድገሙት፤ ቁመቱ 40 ይሆናል። ውጭውን ሲለኩት 55 በ55 ስለሆነ ጉድጓዱ 70 በ70፣ ጥልቀቱ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከሥሩ ጠጠር ይነጠፍ፤ ሳጥኑ ከገባ በኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ክዳን ይደፋበት፤ ከዚያ አፈሩ። የአንዳንድ ሳጥን ርዝመት 30 ይደርሳል፤ ስለዚህ ብሎኬት ከመግዛት በፊት የሳጥኑ መጠን በስልክ ይጠየቅ። ጉድጓዱ ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን ተቆፍሮ፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ በጣውላ ተከድኖ ይደር። ለቀስተኛ ቆሞ ግንበኛ የሚጠበቅበት ቀብር አያምርም።

አመዱን ሐይቅ ላይ እንበትን የሚሉም አሉ፤ በተለይ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች። ለዚህ ብዙም አንደግፍም። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። የአንድ ሰው አመድ ሐይቁን አይጎዳም፤ ሰው ግን በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚበላውን ቆሮሶ ዓሣ ያስባል፤ ቅር መሰኘቱም አይፈረድበትም። ከዚያም በላይ ለሙት ዓመት የሚሄዱበት መቃብር አይኖርም። የሟቹ ኑዛዜ ሆኖ የግድ ከሆነ የሚመለከተው የከተማ አስተዳደር ክፍል ይጠየቅ፤ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ በጀልባ ከዳር ተርቆ፣ ጉማሬ ከሚውልበት ሸሽቶ፣ ሞተር ተጠፍቶ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ እጅን ውሃው አጠገብ ዝቅ አድርጎ በቀስታ ይፈስስ። ቆሞ ከላይ የበተነ ሰው ፊቱ ላይና ልብሱ ላይ ይመለስበታል። አበባ ከተጣለ ላስቲኩና ሪባኑ ይውለቅ።

ዛፍ ሥር መቅበርም ይነሳል። አመዱ ጨዋማና እንደ ኖራ የሚያቃጥል ባሕርይ ስላለው ከችግኝ ሥር ቀጥታ ከፈሰሰ ችግኙን ያደርቀዋል። አመዱ ከታች በጥልቀት፣ ዛፉ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይተከል።

ስለ ቀናት አንድ ቃል። ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፤ አመዱ ካረፈበት ቀን አይደለም። ሁለቱን ቀኖች አጋጥሞ፣ አመዱ በአርባው ወይም በሰማንያው እንዲያርፍ ማድረግ ግን ዘመድን ሁለት ጊዜ ከማሰባሰብ ያድናል። የመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው ዓመትም ይጣራ። ከፈረንጆቹ ጥር 1 እስከ መስከረም 10 ባለው ጊዜ ለሞተ ሰው ከፈረንጁ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 11 ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 7 ነው፤ የእኛ ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት መስከረም 1 በፈረንጆቹ 12 ላይ ይውላል። አሜሪካ በምሽት የሞተ ሰው እዚህ በማግስቱ ሊሆን ስለሚችል የትኛው ቀን እንደሚቆጠር ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ይህን አያውቅም፤ የተሳሳተ ዓመት ደግሞ ከእብነ በረድ ላይ አይፋቅም።

ለእድሮች የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ በባሕር ማዶ ሞቶ በአመድ የመጣ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ የሚገባው ክፍያ ከሌላው እንዳያንስ በግልጽ ይጻፍ፤ ክፍያውም መርዶው በተነገረበት ጊዜ ይሰጥ፤ ወጪው ያኔ ነውና። ድንኳን ለመርዶው ሦስት ቀን ከተተከለ አመዱ ሲመጣ ለግማሽ ቀን ወንበርና ጥላ ብቻ ይበቃል፤ ሐዘንተኛውን ሁለት ጊዜ ድንኳን ማስደገስ ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። ጥሩምባ ነፊውም የሚጠራው የቀብሩን ቀንና ሰዓት፣ የሚኬድበትን ቦታና ሥርዓቱ አጭር መሆኑን ይሁን፤ አለዚያ አስከሬን ለመሸኘት የመጣው ሰው ሁሉ መኪና ሲጠብቅ ይውላል።

ከአክብሮት ጋር
ከሀዋሳ፣ በአንድ እድር የሥራ አመራር ላይ ያለን አባላት