የእግርሽን ነገር ሰምቼ

እመቤትዬ፣ እንደምን አለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው?

ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ደወልኩ። «እግዜር ያጽናሽ» አልኩሽና ዘጋሁት። ለቅሶ በስልክ እንዴት እንደሚደረስ አላወቅሁበትም። ለአርባቸው እደውላለሁ አልኩ፤ አርባው አለፈ። ሰማንያውም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልጀምር? ቀኑ በገፋ ቁጥር አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ቀኑ ገፋ። በሌሊት ሥራዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ይቅር በይኝ።

ባለፈው እሑድ ወንድምሽን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁት። «እመቤት መሮጥ ጀምራለች» አለኝ። «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚባለውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሮጠሻል። አሁን ደግሞ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ፣ ለ10 ኪሎ ሜትሩ እየተዘጋጀሽ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ትወጫለሽ አሉ፤ ሰኞ ግን ደረጃ መውረድ ያቅትሻል። «ያቺን ጡንቻ እየመታች የምታሽ፣ የምትንጣጣ ማሳጅ ገን ግዛልኝ ብላኛለች፣ እኔ ምኑን አውቄው?» ሲለኝ «ለእኔ ተወው» አልኩት። ስለዚህ ነገር አውቃለሁ፤ በገንዘቤም በጀርባዬም ተምሬዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ልንገርሽ። እግርሽን የሚጎዳው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ስትወርጂ የጭንሽ የፊት ጡንቻ ክብደትሽን ይዞ እየተወጠረ ይለጠጣል። ያን ጊዜ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። ሕመሙ ግን ወዲያው አይሰማሽም፤ የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቅዳሜው ሰኞ ላይ የሚይዝሽ ለዚህ ነው። ድሮ የስፖርት መምህራችን «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይሉን ነበር። እሱ አይደለም። ስንሮጥ የሚጠራቀመው ላክቴት በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ውስጥ ይጠራል።

ስለዚህ ማሳጅ ገን ተአምር አይሠራም። የተጎዳውን ክር አይጠግንም፤ እሱን የሚጠግነው እንቅልፍ፣ ምግብና ጊዜ ነው። ግን ሕመሙን ያቀልልሻል፣ የተገተረውን ያላላልሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የኦስትሪያ ጥናት አለ። 16 ወንዶች ባታቸውን በማሳጅ ገን ለ5 ደቂቃ ታሹና የቁርጭምጭሚታቸው እንቅስቃሴ በ5.4 ዲግሪ ሰፋ። የጡንቻቸው ጉልበት ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ለእኔ ይኼ በቂ ነው። «በፍጥነት ያገግማሉ፣ ይጠነክራሉ» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ ግን እለፊው።

እመቤት፣ ስለ ምርጫው ሳስብ እናትሽ መጡብኝ። ከጃንሜዳ ስንመለስ በረንዳው ላይ ያስቀምጡናል። ለብ ያለ ውሃ በጨው ያደርጉና ባታችንን ያሹናል። አውራ ጣታቸው ቆዳ ላይ ተንሸራቶ አያልፍም ነበር። ወደ ውስጥ ገብቶ ቋጠሮዋን ይፈልጋል። «ዋይ!» ስንል «እሷ ናት፣ እሷ ናት» እያሉ እዚያው ይቆያሉ።

ርካሹ ማሳጅ ገን ከደህናው የሚለየው በዚሁ ነው። የመጀመሪያዬን በ35 ዶላር ገዛሁት። 30 ዓይነት ፍጥነትና 12 የሚቀያየር ጫፍ አለው፤ መብራቱም ያምራል። ሌሊቱን ሙሉ ሕሙማን ሳገላብጥ አድሬ ጠዋት ጀርባዬ ላይ ሳስጠጋው ቆዳዬን ያሳክከኛል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ጫን ሳደርገው ደግሞ ቀጥ ይላል። እናትሽ «እሷ ናት» የሚሉበት ቦታ ሳይደርስ ይቆማል። በጣም ነበር ያዘንኩት፤ ያቺ 35 ዶላር የሦስት ሰዓት ድካሜ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለት ቁጥሮች ማየት የለመድኩት። አንዱ ጫፉ ወደፊት ሄዶ የሚመለስበት ርቀት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ከ8 በታች ከሆነ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ለጭንና ለዳሌ ከ10 እስከ 12 ያስፈልግሻል። ሁለተኛው ስትጫኚው ሳይቆም የሚችለው ክብደት ነው። ርካሾቹ 9 ኪሎ እንኳን ሳይሞላ ይቆማሉ። ከ14 እስከ 18 ኪሎ የሚችል ከሆነ ለሯጭ በቂ ነው። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ብዙ ሻጭ አይጽፈውም። ካልጻፈው እኔ አልገዛም።

ውዶቹስ ካልሽኝ፣ ቴራገን የሚባለው አለ። ጄሰን ወርስላንድ የሚባል አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር፣ አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጁ የሚያክም ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሞተር ሳይክል አደጋ ተጎድቶ የራሱን ሕመም ለማስታገስ ብሎ የሠራው ነው። የትልቁ ሞዴል ጫፍ 16 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ እስከ 27 ኪሎ ይችላል። ዋጋው ግን 600 ዶላር ገደማ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቡድን ለሚያሽ ወጌሻ ይገባዋል። ለአንቺ ግን አያስፈልግሽም፤ ብር ስለሚያንስ ብቻ አይደለም፣ የቀጭን ሰው ባት ያን ያህል ጥልቀት አይፈልግም።

የገዛሁልሽ 80 ዶላር ነው። 12 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ 16 ኪሎ ይችላል፤ ከኪሎ በታች ስለሚመዝን ክንድሽን አያዝለውም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጆቹ ተኝተው ሳሉ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ጫፎቹ አራት ናቸው፤ ክቧን ለስላሳዋን ብቻ ያዢ፣ ሌሎቹ እምብዛም አያስፈልጉሽም። ዋስትናው ባሕር ተሻግሮ ስለማይረዳሽ ከመላኬ በፊት ሁለት ሳምንት እኔው ሞከርኩት። አዲስ ዕቃ ነክቼ በመላኬ አትቀየሚኝ፤ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ልፈትነው ብዬ ነው።

ኤሌክትሪኩንም አይቻለሁ። እዚህ 120 ቮልት ነው፣ እናንተ ጋ 220። ብዙ ዕቃ ከዚህ ሄዶ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ይኼኛው እንደ ስልክ በዩኤስቢ ሲ ይሞላል፣ የስልክሽ ቻርጀር ይሠራለታል። ቦሌ ሱቅ ውስጥ ያየሽውን ለእህትሽ መግዛት ከፈለግሽ ግን ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ደግሞ ሳታፍሪ ሱቁ ውስጥ አስነሺውና በመዳፍሽ ጫን አድርጊው። ከቆመ መልሽለት።

አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፣ በሥራዬ ብዙ ስለማይ። ለአንድ ጡንቻ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ቀስ እያልሽ። አጥንት ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ አንገትሽ ፊት ለፊት ፈጽሞ እንዳታስጠጊው። የደም ሥርሽ ባበጠበትም እለፊው። ባትሽ አንዱ ብቻ ካበጠና ከሞቀ አትሺው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ካመመሽ በበለጠ መጫን ይሻላል ብለሽም አታስቢ። አንዲት ብስክሌተኛ ቻይናዊት ጭኗን በዚህ መሣሪያ ታሽታ ጡንቻዋ ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል መግባቷ በሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል።

አደራ፣ አባባ እንዳይሞክሩት። የደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ ወንድምሽ ነግሮኛል። የሚወዱሽን ያህል «እስቲ ለወገቤ» ይሉሽ ይሆናል። እምቢ በያቸው። ለእሳቸው ለብ ያለ ውሃና የአንቺ እጅ ይሻላል።

ወንድምሽ በጥቅምት መጨረሻ ይዞልሽ ይመጣል። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ በእጁ ሻንጣ እንዲይዘው ነግሬዋለሁ። ለሩጫው ይደርስልሻል። ከሩጫው በፊት ባለው ሳምንት ግን ከእንጦጦ ቁልቁል አትሩጪ፤ ዳገቱን ውጪ፣ ስትወርጂ ግን ተራመጂ። እግርሽ ለጠዋቱ መስቀል አደባባይ ይደርስልሽ።

እመቤትዬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ በእናንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ። አንሺልኝ። ስለ እግርሽ አይደለም የምጠይቅሽ። እናትሽ የመጨረሻዎቹን ቀናት እንዴት እንዳለፉ፣ ምን እንዳሉሽ፣ ማን አብሮሽ እንዳደረ እንድትነግሪኝ ነው። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

እህትሽ ሰብለ
ሲልቨር ስፕሪንግ